ጄምስ ያንግና የሰም ማጥራት ጥበብ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ባላገር ቤት ሰም ሲጣራ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ጠጁ ተጠልሎ ካለቀ በኋላ የቀረው ሰፈፍ ከውሃ ጋር በድስት ተጥዶ ይፈላል፤ ሲቀልጥ በጨርቅ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ቀዝቅዞ ሲያድር ሰሙ በውሃው ላይ ረግቶ ይገኛል። ከሥሩ የተጣበቀው ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቅና፣ ሰሙ እንደገና ቀልጦ በጥጥ ፈትል ላይ ሲለበጥ ጧፍ ይሆናል። ይህ ጧፍ የድጓ ምስክር በሆነችው በጋይንት ቤተ ልሔምም ሆነ በየገጠሩ አጥቢያ ሲበራ፣ ብርሃኑ የሚወጣው እሳት፣ ውሃና ጨርቅ ብቻ ካጠሩት ሰም ነው።

ከዚህ ቢጫ ሰም ሌላ፣ በንፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ሁለተኛ ሰም አለ። ይህኛው ነጭ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው፣ በፋብሪካ ሻማ ሆኖ የተቀረጸ ነው። ንብ አልሠራውም፤ ከከርሰ ምድር የወጣ የነዳጅ ዘይት ውጤት ነው። ለብዙ ዘመን የገጠሩን ቤት ያበራው የኩራዝ ነጭ ጋዝም ከዚሁ ዘር የሚወለድ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የመብራቱን ዘይትና ነጩን ሰም፣ ከድንጋይ ከሰል አውጥቶ፣ አጥርቶና በፋብሪካ መጠን አምርቶ ለገበያ ያበቃው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጄምስ ያንግ ነው። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ከሌሎች ያንጎች ለመለየት «ፓራፊን ያንግ» ይሉት ነበር።

የያንግን ሕይወት ዛሬ የምናነሳው ለዝክር ያህል ብቻ አይደለም። የነዳጅ ሰሞችን በናኖ ቁሶች ስለማጥራት በየምርምር መጽሔቱ በሚጻፍበት በዚህ ዘመን፣ ጥያቄው መጀመሪያ የተነሳበትን ቦታ ማወቅ፣ መልሱ ምንን እንደፈታና ምንን ሳይፈታ እንደተወ መመርመር ለሙያችን ይጠቅማል ብለን ስለምናምን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአናጢ ቤት ወደ ቤተ ሙከራ

ጄምስ ያንግ ጁላይ 13 ቀን 1811 በግላስጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ያንግ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ልጁም ያንኑ ሙያ እንዲወርስ በመላጊያውና በመጋዙ አጠገብ አሳደገው። ያንግ ቀን ቀን ከአባቱ ጋር እየሠራ፣ ማታ ማታ ወደ አንደርሰን ኮሌጅ ይመላለስ ጀመር። ይህ ኮሌጅ በ1796 በአንድ ምሁር ኑዛዜ የተቋቋመና፣ የእጅ ሙያተኞች ከሥራ በኋላ ሳይንስ ይማሩ ዘንድ በሩን የከፈተ ነበር።

ያንግ ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1830 የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ የመጣው ቶማስ ግራሃም ነበርና። ግራሃም የጋዞችን ሥርጭት ሕግ ያወጣ፣ ኋላም በ1861 ኮሎይድ የሚለውን ስም ለሳይንስ የሰጠ ሊቅ ነው። ኮሎይድ ማለት በዓይን ከሚታይ ቅንጣት እጅግ ያነሱ፣ ከተራ ሞለኪውል ግን የሚበልጡ ቅንጣቶች በሌላ ነገር ውስጥ ተበትነው የሚገኙበት ሁኔታ ነው። ዛሬ ናኖ ቁስ የምንለው ጥናት አንዱ ሥሩ ከዚህ ላይ ይመዘዛል። እንግዲህ የሰም ማጥራትን ኢንዱስትሪ የመሠረተው ሰው፣ የጥቃቅን ቅንጣቶችን ሳይንስ የመሠረተው መምህር ተማሪ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ግራሃም የወጣቱን የእጅ ብልሃት አይቶ ረዳቱ አደረገው። የመሣሪያ ማጠፍ፣ የብርጭቆ መንፋትና የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ረዳት ለኬሚስትሪ መምህር ትልቅ ሀብት ነው። በዚሁ ኮሌጅ ያንግ ከአንድ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ተዋወቀ፤ ይህ ሰው ሕክምና ለመማር በ1836 የመጣው ዴቪድ ሊቪንግስተን ነበር። የያንግ ክፍል የእንጨት መሥሪያ ጠረጴዛና የመቅረጫ ማሽን የነበረበት በመሆኑ፣ ኋላ አፍሪካን በእግሩ የተጓዘው ሰው የእጅ ሥራን የተለማመደው ከዚያ ነው። የሁለቱ ወዳጅነት እስከ ሞት ድረስ ዘለቀ።

በ1837 ግራሃም ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲዛወር ያንግን ይዞት ሄደ። በ1838 ያንግ ትዳር መሠረተ። ቤተሰብ ለማስተዳደር የረዳትነት ደመወዝ አልበቃ ቢለው፣ በ1839 ወደ ኢንዱስትሪ ገብቶ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በጄምስ መስፕራት የኬሚካል ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ከ1844 ጀምሮም በማንቸስተር በቴናንት ኩባንያ ሠራ። በዚያም ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚያገለግለውን ሶዲየም ስታኔት በቀጥታ ከቆርቆሮ ማዕድን የሚያወጣበትን ዘዴ አገኘ። በ1845 የድንች በሽታ አውሮፓን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ድንቹን በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ መንከር ይጠቅም እንደሆነ ያቀረበው ሐሳብም የዚሁ ዘመን ነው። ያንግ በዚህ ጊዜ 34 ዓመት የሞላው፣ ሙያውን የሚያውቅ፣ ስሙ ግን ገና ያልታወቀ የፋብሪካ ኬሚስት ነበር።

የማዕድን ጉድጓዱ ዘይት

በ1847 መጨረሻ ከኬሚስቱ ከላዮን ፕሌይፌር አንድ ደብዳቤ ደረሰው። በደርቢሸር አውራጃ በአልፍሬተን አቅራቢያ፣ ሪዲንግስ በተባለ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ዘይት የመሰለ ነገር እየፈለቀ ነበር፤ ፕሌይፌርም ያንግ መጥቶ እንዲያየው ጠየቀው። ያንግ ዘይቱን አረቄ በሚወጣበት አኳኋን እያተነነ፣ ተኑንም እያቀዘቀዘ ለየው። ቀጭኑ ክፍል ለመብራት፣ ወፍራሙ ለማሽን ማለስለሻ የሚሆን ሆኖ ተገኘ። በ1848 ከቴናንት ኩባንያ ወጥቶ ከኤድዋርድ ሜልድረም ጋር አንድ ትንሽ ማጣሪያ አቋቋመ።

ብርድ በሆነ ጊዜ ዘይቱ ይደፈርስ ነበር። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ደንበኛ እንዳይሸሽበት ብቻ ይጨነቅ ይሆናል፤ የኬሚስት ዓይን ግን ድፍርሱ ጥቃቅን የሰም ክሪስታል መሆኑን ለየ። ይህ ሰም አዲስ ግኝት አልነበረም። በ1830 ካርል ራይኸንባኽ የተባለ ጀርመናዊ ከእንጨት ሬንጅ አውጥቶት፣ ከሌሎች ነገሮች ጋር ለመዋሐድ ፈቃደኛ አለመሆኑን በማየት፣ በላቲን ቋንቋ ዝምድናው ጥቂት እንደማለት ፓራፊን ብሎ ሰይሞት ነበር። ሆኖም ለሃያ ዓመት ያህል በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ አላለፈም። የያንግ ውለታ እንግዲህ ፓራፊንን ማግኘቱ ሳይሆን፣ ርካሽ፣ ብዙና ንጹሕ ሆኖ የሚመረትበትን መንገድ መክፈቱ ነው።

ምንጩ ግን ብዙ አልቆየም፤ እያነሰ ሄዶ በ1851 ነጠፈ። ያንግ ከዚያ አስቀድሞ የሚያስበው ነገር ነበረው። በጉድጓዱ ጣሪያ ላይ ካለው የአሸዋ ድንጋይ ዘይት ሲንጠባጠብ አይቶ፣ ይህ ዘይት ከሥሩ ያለው የድንጋይ ከሰል በምድር ሙቀት ተኖ የወጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ገመተ። ግምቱ ለምንጩ ትክክለኛ ማብራሪያ መሆኑ ቀርቶ፣ ወደ ትክክለኛ ሙከራ መራው። የተለያዩ የከሰል ዓይነቶችን በዝግ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማሞቅ ጀመረ። ከሰሉ በኃይል ሲሞቅ ጋዝ ይበዛል፤ ሙቀቱ ከደብዛዛ ቅላት ሳያልፍ ሲያዝ ግን ዘይቱ ይበዛል። ካነል የተባለው ከሰል ከሁሉ የተሻለ ሆነ። ኦክቶበር 17 ቀን 1850 የፓተንት መብቱን አስመዘገበ።

ባዝጌት

በ1851 ያንግ፣ ሜልድረምና የማንቸስተሩ ኤድዋርድ ቢኒ በስኮትላንድ በባዝጌት ከተማ ፋብሪካ ከፈቱ። ጥሬ ዕቃቸው በአካባቢው በቶርቤንሂል መሬት የሚገኘው እጅግ ዘይታም ድንጋይ ነበር። በዚህ ድንጋይ ምክንያት በ1853 በኤድንብራ የተካሄደው ክርክር ለኬሚስቶች ትምህርት የሚሰጥ ነው። የመሬቱ ባለቤት ያከራየሁት ከሰል እንዲወጣ እንጂ ይህ ድንጋይ እንዲወጣ አይደለም ብሎ ከሰሰ፤ የአገሩ ታላላቅ ኬሚስቶች፣ የሥነ ምድርና የማይክሮስኮፕ ሊቃውንትም ግማሾቹ ከሰል ነው፣ ግማሾቹ አይደለም እያሉ መሰከሩ። በመጨረሻ ዳኞቹ ከሰል ነው ብለው ፈረዱ። በዚያ ቀን የሳይንስ ስያሜ የብዙ ሺህ ፓውንድ ጉዳይ ሆኖ ታየ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽያጭ በአብዛኛው የማለስለሻ ዘይት ነበር። የመብራቱ ዘይትና ጠጣሩ ፓራፊን በሰፊው ገበያ ላይ የዋሉት ከ1856 ወዲህ ነው። የዘገዩበት ምክንያት ሌላ ሳይሆን የማጥራቱ ችግር ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ድፍድፍ ዘይት ጥቁርና ክፉ ሽታ ያለው ነበር፤ ሲነድም ጥላሸት ይተፋል። ስለዚህ የያንግን ሥራ ለመረዳት የማጥሪያውን ቅደም ተከተል ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ድፍድፉ መጀመሪያ በድጋሚ ተተንኖ ከሬንጁ ይለያል። ቀጥሎ ከጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ለረጅም ጊዜ ይማሰላል፤ አሲዱ ቀለም የሚሰጡትንና በቀላሉ የሚዋሐዱትን ክፍሎች ይዞ ወደ ታች እንደ ጥቁር ዝፍት ይሰፍራል። ከዚያ የቀረውን አሲድና አሲዳማ ነገር ለማስወገድ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ሰም ያዘለው ወፍራም ክፍል በብርድ ሲቀመጥ ፓራፊኑ ክሪስታል ይሠራል፤ ክሪስታሉ በጨርቅ ተጣርቶ ይጨመቃል። ከዚህ በኋላ ሰሙ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀልጦ፣ አሲዱ መጥቆሩን እስኪተው ድረስ በአሲድና በሶዳ እየተፈራረቀ ይታጠባል። በኢንዱስትሪው እያደር የተጨመረው የመጨረሻ እርምጃ ደግሞ የቀለጠውን ሰም በአጥንት ከሰል ወይም ዘይት በሚመጥ ለስላሳ አፈር ማሳለፍ ነው፤ ነጩ መልክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የባላገሩ ሰምና የያንግ ሰም የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። የንብ ሰም በአብዛኛው ኤስተር በመሆኑ ኮስቲክ ሶዳ ያፈርሰዋል፣ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ፓራፊን ግን ከሃያ እስከ አርባ ገደማ ካርቦን የያዙ የሃይድሮካርቦን ሰንሰለቶች ስብስብ ስለሆነ፣ አሲዱም ሶዳውም አይነካውም። ራይኸንባኽ ያየው ያ የዝምድና ጥቂትነት ለያንግ መሣሪያ ሆነው፤ ቆሻሻው ሁሉ ከአሲዱ ጋር ሲዋሐድ ሰሙ ብቻውን ቀረ። አንድ ሰም በፓራፊን መቀየጡን ለማወቅ የሳሙናነት መጠኑን የምንለካውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የንጹሕ ፓራፊን መጠን ዜሮ ሲሆን፣ የንብ ሰም ግን በመቶ አካባቢ ይገኛል። የንብ ሰም ላኪ ለሆነችው አገራችን ይህ ቀላል መለኪያ ትልቅ ዋጋ አለው።

ያንግ መብቱን አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው ነበር። በአሜሪካ ከከሰል ዘይት የሚያወጡ ኩባንያዎች በፓተንቱ መሠረት ይከፍሉት ነበር፤ በብሪታንያም ተወዳዳሪዎቹን በተደጋጋሚ ከሰሰ። በ1864 ከፈርኒ ጋር ያደረገው ረጅም ክርክር በያንግ ድል ተፈጸመ፤ ይሁንና በዚያው ዓመት የፓተንቱ ዘመን አለቀ። አስቀድሞም በ1859 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዘይት ከጉድጓድ በቀጥታ መውጣት በመጀመሩ፣ ከከሰል ዘይት የማውጣት ጥቅም እየቀነሰ ሄዶ ነበር። የቶርቤንሂልም ድንጋይ ተሟጠጠ። ያንግ ግን ወደ ኋላ አላለም። በ1865 የባልደረቦቹን ድርሻ ገዝቶ፣ በዌስት ካልደር አቅራቢያ በአዲዌል ዘይት አዘል ሼል የተባለውን ድንጋይ የሚጠቀም ከቀድሞው የሚበልጥ ፋብሪካ መሥራት ጀመረ። የመሠረት ድንጋዩን ያኖረው ወዳጁ ሊቪንግስተን ነበር። በ1866 ድርጅቱን በስሙ ለተቋቋመው ኩባንያ ሸጦ ከዕለት ሥራው ገለል አለ። የስኮትላንድ የሼል ዘይት ኢንዱስትሪ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ የተዘጋው በ1962 ነው።

ሀብቱና ወዳጆቹ

ያንግ ሀብቱን የተጠቀመበት አኳኋን ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ለሊቪንግስተን የአፍሪካ ጉዞዎች ገንዘብ አዋጣ፤ ሊቪንግስተን በጠፋ ጊዜም ፍለጋ የሚሄድ ጓድ እንዲላክ ረዳ። ሊቪንግስተን በ1873 ከሞተ በኋላ አስከሬኑን እስከ ባሕር ጠረፍ የተሸከሙት አፍሪካውያን ሱሲና ቹማ ወደ ብሪታንያ እንዲመጡ ወጪውን የቻለው ያንግ ነው። በግላስጎ የሊቪንግስተን ሐውልት እንዲቆምም አደረገ።

ለተማረበት ኮሌጅም ውለታውን መለሰ። ከ1868 እስከ 1877 የአንደርሰን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1870 ደግሞ ራሱ ባዋጣው ገንዘብ የተግባር ኬሚስትሪ ወንበር አቋቋመ። ያ የማታ ተማሪዎች ኮሌጅ ከሌሎች ተቋማት ጋር እየተዋሐደ አድጎ ዛሬ የስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በ1873 ያንግ የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ከ1879 እስከ 1881 ደግሞ የኬሚካል ሶሳይቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በእርጅናው ዘመን ከጆርጅ ፎርብስ ጋር የብርሃንን ፍጥነት ለካ፤ ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ ይፈጥናል የሚለው ድምዳሜያቸው ግን ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ሜይ 13 ቀን 1883 በዌሚስ ቤይ በሚገኘው ኬሊ በተባለው ቤቱ በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

ነጩ ሰምና ጥቁሩ ዝቃጭ

የሕይወት ታሪኩን በዚህ ብንዘጋው የተሟላ ይመስላል። ነገር ግን ከሰሙ የወጣው ቆሻሻ ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ የማጥራት ታሪክ አይፈጸምም።

በ1875 በጀርመን አገር በሃሌ ከተማ ሪቻርድ ቮልክማን የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ በሬንጅና በፓራፊን ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታየ የቆዳ ነቀርሳ ገለጠ። በሚቀጥለው ዓመት በ1876 የኤድንብራው ሐኪም ጆሴፍ ቤል በስኮትላንድ ፓራፊን ሠራተኞች ላይ ያንኑ በሽታ አገኘ። ይህ ቤል ከሕመምተኛው መልክና እጅ ሥራውን ለይቶ በማወቅ የታወቀ ስለነበር፣ ለሸርሎክ ሆምስ ልብ ወለድ መነሻ የሆነ ሰው ነው። በሽታው ዘይት በነከረው ልብስ ሲሠሩ በሚውሉት፣ በተለይም ሰሙን በሚጨምቁት ሠራተኞች ላይ ይበረታ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ ብዙ ዘመን ፈጀ። በ1915 ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ያማጊዋና ኢቺካዋ፣ የከሰል ሬንጅ በጥንቸል ጆሮ ላይ ደጋግመው በመቀባት ነቀርሳ ማምጣቱን አሳዩ፤ በ1933 ለንደን ውስጥ ከሬንጅ የተለየው ቤንዞፓይሪን የተባለ ባለብዙ ቀለበት አሮማቲክ ውሁድ ነቀርሳ አምጪ መሆኑ ተረጋገጠ።

እንግዲህ ሻማውን ያጠቆሩትና የሠራተኛውን ቆዳ ያቆሰሉት ነገሮች ዘመዳሞች ነበሩ። ሰሙ እየነጣ በሄደ ቁጥር ለገዢው ደኅና ይሆናል፤ ከእርሱ የወጣው ግን አልጠፋም፤ በጨማቂው ልብስ፣ በአሲዱ ዝፍትና በመጭመቂያው ዘይት ውስጥ ነበር። ያንግ ቸልተኛ ሰው አልነበረም። በ1872 በመርከብ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ አሲዳማ በመሆኑ ብረቱን እንደሚበላ ተገንዝቦ፣ ኖራ እንዲጨመርበት መክሯል። ለብረት ያየውን ነገር ለሰው ቆዳ ያዩት ሐኪሞች ናቸው። ይህን የምንጽፈው ሟቹን ለመውቀስ ሳይሆን፣ በእርሱ ዘመን የንጽሕና መለኪያ የምርቱ ነጭነት ብቻ እንደነበረ ለማሳየት ነው።

በናኖሜትር ሚዛን

አሁን ወደ አጥንት ከሰሉና ወደ አፈሩ እንመለስ። የያንግ ዘመን ሰዎች እነዚህ ነገሮች ቀለምን እንደሚይዙ ያውቁ ነበር፤ እንዴት እንደሚይዙ ግን አያውቁም ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ሥራው የገጽታ ስፋት ሥራ ነው፤ ኬሚስቶች አድሶርፕሽን የምንለው፣ ሞለኪውልን በጠጣር ገጽ ላይ ጠልፎ የማስቀረት ክንውን ነው። አንድ ግራም የተዘጋጀ ከሰል በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች ምክንያት ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ገጽ ሊኖረው ይችላል። ከቀዳዳዎቹ ብዙዎቹ ከ2 ናኖሜትር ያነሱ ናቸው፤ ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዘይት መጣጩ አፈር ውስጥ ያለው ሞንትሞሪሎናይት የተባለው ማዕድንም እያንዳንዳቸው 1 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ካላቸው ንጣፎች የተሠራ ነው። ስለዚህ ሰም አጣሪዎቹ ስሙን ሳያውቁት በናኖ ቁስ ይገለገሉ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ የተለወጠው ነገር የቀዳዳውን መጠን አስቀድሞ መወሰን መቻላችን ነው። ሠላሳ ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ የፓራፊን ሰንሰለት ርዝመቱ 4 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውፍረቱ ግን ከግማሽ ናኖሜትር አይበልጥም። ቀዳዳው ግማሽ ናኖሜትር የሆነው 5ኤ የተባለው ዚዮላይት ቀጥ ያለውን ሰንሰለት አስገብቶ ቅርንጫፍ ያለውን ከውጭ ያስቀራል፤ ቀለል ያሉ ፓራፊኖች በዚህ መንገድ በፋብሪካ ይለያሉ። በ1992 የሞቢል ኩባንያ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ኤምሲኤም-41 ደግሞ እንደ ንብ እንጀራ የተደረደሩ፣ ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር የሚደርሱ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሊካ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሲሊካ፣ በናኖ አሉሚናና ብረት ኦክሳይድ በተቀላቀለባቸው ቅንጣቶች ሰልፈር ያለባቸውን ውሁዶችና አሮማቲኮችን ከነዳጅ ውጤቶች ለመልቀም ምርምር ይደረጋል። በትልልቆቹ ማጣሪያዎችም ለምግብ መጠቅለያና ለመድኃኒት የሚሆነው ሰም በመጨረሻ የሚነጣው በከፍተኛ ግፊት በሃይድሮጅን ነው፤ የዚህ ክንውን ካታሊስት የሆነው ሞሊብዴነም ሰልፋይድ በአሉሚና ላይ የሚገኘው ጥቂት ናኖሜትር ርዝመት ባላቸው ቅጠሎች መልክ ነው።

የሃይድሮጅኑ ዘዴ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። አሮማቲኩን አውጥቶ ሌላ ቦታ አያከማችም፤ ባሕርዩን ራሱን ይለውጠዋል። አድሶርፕሽን ግን የሚለቅመውን እንዳለ ይይዛል። ቅንጣቱ እያነሰ በሄደ ቁጥር የመልቀም ኃይሉ ይጨምራል፤ ነገር ግን ከቀለጠና ከወፈረ ሰም ውስጥ መልሶ ማውጣቱ ይከብዳል፤ ተራ ማጣሪያ ጨርቅ 20 ናኖሜትር ቅንጣት አያቆምም። በማግኔት የሚሳቡ ቅንጣቶች የተፈለጉትም ለዚህ ነው። ቅንጣቱ ከሰሙ ጋር ከቀረ ሰሙ አልጠራም፤ ተለቅሞ ከወጣ ደግሞ በአንድ እፍኝ ዱቄት ውስጥ የተጠራቀመው አሮማቲክ ከመጀመሪያው ሰም ይልቅ የሚያሰጋ ይሆናል። ያን ዱቄት ማን ይዘው? በምን ያጥቡት? የት ይድፉት? የቤል ሕመምተኞች በ1876 ያስነሱት ጥያቄ ቅርጹን ለውጦ በፊታችን ይገኛል።

ለእኛ የሚተርፈው

ይህ ጉዳይ ከአገራችን ሩቅ አይደለም። በአፋር የቤንቶናይት አፈር አለ፤ ሞንትሞሪሎናይት የሚገኘው በዚህ ነው። ጋይንትንና እስቴን ቁልቁል የሚያየው፣ ከ4000 ሜትር በላይ የሚነሳው ጉና እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው፤ በሰሜን ምዕራቡ የአገራችን ደጋ በሚገኘው ባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥም ነጭ ሆኖ የሚታየው ማዕድን ብዙውን ጊዜ ዚዮላይት ነው። በጅማ አካባቢ በደልቢና በሞዬ ያንግ በአዲዌል ያቃጠለውን የመሰለ ዘይት አዘል ሼል እንዳለ በጥናት ተረጋግጧል። ጥሬ ዕቃውም፣ ሙያተኛውም፣ ሊጠራ የሚገባው ሰምም አለን ማለት ነው። የንብ ሰማችንም አሲድና ሶዳ ስለማይችል፣ በከሰልና በአፈር የማጥራት ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለእርሱ ነው።

ስለዚህ አንድ የማኅበራችን አባል አዲስ የማጥሪያ ቁስ ሠርቶ ሲያቀርብ፣ የሰሙን ነጭነት ከሚያሳየው ሠንጠረዥ አጠገብ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ሊጠየቅ ይገባል እንላለን። ይህም ከሰሙ የወጣው ምን ያህል እንደሆነ፣ በቁሱ ላይ ምን ያህል እንደቀረ፣ ቁሱ ስንት ጊዜ ታጥቦ እንደሚያገለግል፣ እጣቢውም ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ነው። የጠፋው ቆሻሻ ሒሳብ ካልተዘጋ ማጥራቱ አልተፈጸመም። ይህን መለካት ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አሮማቲኮች የአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚመጡ፣ በብዙ ቤተ ሙከራዎቻችን ባለው ስፔክትሮፎቶሜትር መጀመር ይቻላል።

ጄምስ ያንግ የአናጢ ልጅ ሆኖ፣ በማታ ትምህርት ተምሮ፣ ድፍርስ ዘይት ውስጥ ንጹሕ ሰም ያየ ሰው ነው። ለድኃ ቤት ርካሽ ብርሃን አድርሷል፤ የተማረበትን ቤትም ለሌሎች አስፍቷል። ከዚህ በላይ ለሙያ ባልደረቦቹ የተወው ያልተጨረሰ ሥራ አለ። በጋይንት ሰም የምታጠራው ባልቴት ከሰሙ ሥር የፋቀችውን ዝቃጭ ወዴት እንደጣለችው ታውቃለች፤ ከራሷ ጓሮ አያልፍምና። የእኛም ማጣሪያ የሚያወጣው ዝቃጭ ምንም ያህል ጥቃቅን ቢሆን፣ የደረሰበትን ቦታ እንደ እርሷ በእርግጠኝነት ልናውቀው ይገባል።